ለአካል ጉዳት አበል የሚያመለክተውን ወገን እንዴት እንርዳው?



ዛሬ የምናቀርብላችሁ ትምህርት ከራሳችን ስሕተት የተገኘ ነው። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ከሚኖሩት ወገኖቻችን መካከል ለብዙ ዓመታት ታክሲ ሲነዳ የኖረ አንድ ወንድም ነበረን። አንድ ቀን ጠዋት ስትሮክ መታውና ግራ ጎኑ ሰለለ። እኛም እንደ ልማዳችን ተሯሯጥን፤ ጸለይንለት፣ ምግብ አመላለስንለት፣ በየወሩም አዋጥተን የቤት ኪራዩን ከፈልንለት። ይህን ሁሉ ስናደርግ «ለመሆኑ ይህ ሰው ሲሠራ በኖረበት ዘመን ለሶሻል ሴኩሪቲ ግብር ይከፍል አልነበረምን?» ብሎ የጠየቀ ሰው ከመካከላችን አልተገኘም። አራት ዓመት ሙሉ አልተገኘም።

በመጨረሻ አንዲት የሆስፒታል ሠራተኛ ነግራን አመለከተ፤ ተፈቀደለትም። ይሁን እንጂ በከፈለው ግብር የሚገኘው አበል ወደ ኋላ ተመልሶ ሊከፈል የሚችለው ቢበዛ ማመልከቻው ከቀረበበት ቀን በፊት ላለው 12 ወር ብቻ ነው። ስለዚህ የሁለት ዓመት ተኩል ያህል አበል ቀረበት። ይህም ገንዘብ ምጽዋት አልነበረም፤ ሲሠራ በኖረበት ዘመን ሁሉ ሲከፍልለት የኖረው መድን ነበር። እኛ የረዳነው መስሎን ሳለ ከመብቱ አዘግይተነዋል።

እንግዲህ ይህ ስሕተት በሌላው ላይ እንዳይደገም፣ በአሜሪካ የመንግሥት የአካል ጉዳት አበል ምን እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደሚጠየቅና የእኛ ድርሻ የት ላይ እንደ ሆነ አብረን እንማር። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. አበሉ ሁለት ዓይነት ነው

ብዙ ሰዎች «ዲሴቢሊቲ» ሲሉ ሁለቱን ዓይነት አንድ አድርገው ይናገራሉ። ሁለቱንም የሚያስተዳድረው የሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት ቢሆንም በመካከላቸው ትልቅ ልዩነት አለ።

ሀ) የመጀመሪያው ኤስ ኤስ ዲ አይ የሚባለው ነው። በ1956 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በፈረሙት ሕግ ተቋቋመ። ይህ ሠርቶ ግብር ለከፈለ ሰው የሚሰጥ መድን ነው። ሠራተኛው በዓመት እስከ 4 ክሬዲት ያገኛል። በ2025 አንድ ክሬዲት የሚገኘው በ1,810 ዶላር ገቢ ነበር። በጠቅላላው 40 ክሬዲት ያስፈልጋል፤ ከእነዚህም 20ው ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት ባሉት 10 ዓመታት ውስጥ የተገኙ መሆን አለባቸው። በዕድሜ ወጣት የሆነ ሰው ግን ከዚህ ባነሰ ክሬዲት ሊያገኝ ይችላል። አሜሪካ ከኢትዮጵያ ጋር የሶሻል ሴኩሪቲ ስምምነት ስለሌላት በአገር ቤት የተሠራ ሥራ አይቈጠርም። እንደዚሁም በእጅ ተከፍሎ ለግብር ያልተመዘገበ ገንዘብ አይቈጠርም። ዛሬ ግብርን መሸሽ ነገ መድንን ማጣት መሆኑን ለወጣቶቻችን ልናስተምር ይገባናል።

ለ) ሁለተኛው ኤስ ኤስ አይ የሚባለው ነው። በ1972 ተደንግጎ በጥር 1974 ሥራ ጀመረ። ይህ የሥራ ክሬዲት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ችግረኛነትን ነው። አካል ጉዳተኞች፣ ዓይነ ስውራንና ዕድሜያቸው 65 የሞላ፣ ገቢያቸውና ንብረታቸው አነስተኛ የሆነ ሰዎች ያገኙታል። የንብረቱ ወሰን ለአንድ ሰው 2,000 ዶላር፣ ለባልና ሚስት 3,000 ዶላር ሲሆን ከ1989 ጀምሮ አልተለወጠም። የሚኖሩበት የራስ ቤትና አንድ መኪና አብዛኛውን ጊዜ አይቈጠሩም። በ2025 የፌዴራል መንግሥቱ ከፍተኛ ክፍያ ለአንድ ሰው በወር 967 ዶላር ነበር።

ዜጋ ላልሆኑ ሰዎች ኤስ ኤስ አይ ከነሐሴ 1996 ሕግ ወዲህ ጠባብ ሆኗል። ስደተኛ ወይም ጥገኝነት የተፈቀደለት ሰው ይህን መብት ካገኘበት ቀን ጀምሮ ለ7 ዓመት ሊቀበል ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ዜግነት ካላገኘ ብዙውን ጊዜ ይቋረጥበታል። በዲቪ መጥቶ ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ዓመት መቈየትና 40 ክሬዲት ማሟላት ይጠበቅበታል። ስለዚህ የዜግነት ማመልከቻን ማዘግየት አይገባም። በሕመሙ ምክንያት እንግሊዝኛ መማር የማይችል ሰው፣ ሐኪሙ ኤን-648 የተባለውን ፎርም ሞልቶለት ከቋንቋውና ከታሪኩ ፈተና ነጻ እንዲደረግ መጠየቅ ይችላል።

2. በሕጉ ፊት አካል ጉዳተኛ ማን ነው?

በእኛ አነጋገር አካል ጉዳተኛ ስንል እጅ ወይም እግር የተጎዳውን እናስባለን። የሕጉ ፍች ግን ሌላ ነው። ሰውየው በሐኪም ሊረጋገጥ በሚችል የአካል ወይም የአእምሮ ሕመም ምክንያት በቂ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ መሥራት የማይችል መሆን አለበት። ሕመሙም ቢያንስ 12 ወር የቈየ ወይም የሚቈይ፣ ወይም ወደ ሞት የሚያደርስ መሆን አለበት። ለግማሽ ጉዳት ወይም ለአጭር ጊዜ ሕመም አበል የለም።

መርማሪዎቹ አምስት ጥያቄዎችን በተራ ይጠይቃሉ፤ እነዚህም፦

1ኛ/ አሁን ይሠራልን? በ2025 ዓይነ ስውር ያልሆነ ሰው በወር ከ1,620 ዶላር በላይ በሥራው ካገኘ ብዙውን ጊዜ ጉዳዩ እዚያው ላይ ይቆማል።
2ኛ/ ሕመሙ ከባድ ነውን?
3ኛ/ መሥሪያ ቤቱ በመዘገባቸው ከባድ ሕመሞች ዝርዝር ውስጥ አለን?
4ኛ/ ባለፉት 5 ዓመታት ይሠራው የነበረውን ሥራ አሁን ሊሠራ ይችላልን? ይህ ጊዜ እስከ 2024 ድረስ 15 ዓመት ነበር።
5ኛ/ ዕድሜው፣ ትምህርቱና የሥራ ልምዱ ታይቶ ሌላ ቀለል ያለ ሥራ ሊሠራ ይችላልን?

አራተኛውንና አምስተኛውን ጥያቄ ልብ በሉ። «ፓርኪንግ ውስጥ መቆም አቅቶኛል» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ተቀምጦ የሚሠራውንስ ለምን አልቻልህም? ተብሎ ይጠየቃል። ብዙ ሰዎች «እንግሊዝኛ ስለማልችል ይፈቅዱልኛል» ይላሉ። ነገር ግን ከሚያዝያ 2020 ወዲህ እንግሊዝኛ አለመቻል ለዚህ ውሳኔ እንደ ምክንያት አይታይም።

የአእምሮ ሕመምም በሕጉ ውስጥ አለ። ከባድ የመንፈስ ጭንቀት ወይም በጦርነትና በእስር የደረሰ የአእምሮ ጠባሳ ሰውን ከሥራ ሊያስቀር ይችላል። በእኛ ዘንድ ይህ እንደ ነውር ስለሚታይ ተደብቆ ይቀራል። የሚጸልይለትን ሰው ማንም አይከለክልም፤ ነገር ግን ሐኪም ያላየው ሕመም በዚህ መሥሪያ ቤት ፊት እንደሌለ ይቈጠራል።

3. «ተመስገን፣ ደኅና ነኝ»

አሁን ወደ ትምህርታችን ዋና ነገር ደርሰናል። 14 ዓመት የሆቴል ክፍሎች ስታጸዳ የኖረች አንዲት እናታችን የመገጣጠሚያ ሕመም ያዛት፤ ጣቶቿ ተቈልምመው ወገቧም አልቀና አላት። አመለከተች፤ አልተፈቀደላትም። እኛም ነገሩ ገርሞን ወረቀቶቿን ሰብስበን ብናነብ ምክንያቱን ከራሷ ቃል ውስጥ አገኘነው።

ሐኪሙ በየጊዜው «እንዴት ነሽ?» ይላታል። እርሷም እንደ ማንኛችንም «ተመስገን፣ ደኅና ነኝ» ትላለች። የሚያስተረጕምላት ልጇ ይህንኑ ቃል በቃል ይናገራል። ሐኪሙም «ታካሚዋ ደኅና እንደሆነች ትናገራለች» ብሎ ይጽፋል። እንዲህ ያለው ቃል በስድስት ቀጠሮ ስድስት ጊዜ ተጽፎ አገኘነው። ለእኛ ይህ ምስጋና ነው፤ ለሚያነበው መርማሪ ግን የሕክምና ማስረጃ ነው።

«ቀኑን እንዴት ታሳልፊያለሽ?» ለሚለው የፎርም ጥያቄ ደግሞ «ቤቴን አጸዳለሁ፣ ምግብ እሠራለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ» የሚል መልስ ተሰጥቷል። አጠገቧ ቁጭ ብለን «እማማ፣ እንጀራ የሚጋግረው ማን ነው?» ብለን ጠየቅናት።

«ከሁለት ዓመት ወዲህ ከሱቅ ነው የምንገዛው፤ ሊጡን ማንሣት አቃተኝ» አለችን።

«ቡናውንስ?»

«አፈላለሁ፤ ጀበናውን ግን ልጄ ናት የምታነሣልኝ።»

«ቤተ ክርስቲያንስ?»

«እሄዳለሁ። ግን መቀመጥ ስለማልችል ከኋላ ግድግዳ ተደግፌ ነው የምቆመው፤ ሲብስብኝም ስብከቱ ሳያልቅ እወጣለሁ።»

እንግዲህ በፎርሙ ላይ የተጻፈው ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን ግማሽ እውነት ነበር። ማመልከቻዋን የጣለውም ያ የቀረው ግማሽ ነው። አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ጭምር ይሆናል።

ልጆች ለወላጆቻቸው ማስተርጎማቸውም ሌላው ችግር ነው። ይህች እናት ያለ ሰው እርዳታ ከመታጠቢያ ገንዳ መውጣት እንደማትችል በወንድ ልጇ ፊት መናገር አፍራ ነበር። ሶሻል ሴኩሪቲ ለጠየቀ ሁሉ በነጻ አስተርጓሚ ያቀርባል። «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ብሎ መጠየቅ መብት ነው።

ስለዚህ ሕመምተኛውን ስናዘጋጅ እንዲህ እንበለው፦ «ምስጋናህን ለአምላክህ አቅርብ፤ ለሐኪሙ ግን የሚያምህን ንገረው።» ስንት ደቂቃ ትቀመጣለህ? ስንት ደቂቃ ትቆማለህ? 10 ፓውንድ ታነሣለህን? ሌሊት ስንት ጊዜ ትነቃለህ? በወር ስንት ቀን ከአልጋ መነሣት ያቅትሃል? መድኃኒቱ ያፈዝዝሃልን? ይህ ሁሉ በሐኪሙ መዝገብ ላይ መግባት አለበት። ጉዳዩን መጀመሪያ የሚወስኑት በየክፍለ ግዛቱ ያሉ መርማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ሰውየውን አያዩትም፤ የሚያዩት ወረቀቱን ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ መጨመር እንደ መቀነስ ሁሉ ከእውነት መራቅ ነው። ያልታመመውን ታምሜአለሁ ማለት፣ በድብቅ እየሠሩ አልሠራም ማለት በሕግ ያስቀጣል፤ ከዚያም በላይ በእውነት የታመሙትን ሁሉ ያስጠረጥራል። እንዲህ ባለው ነገር ተባባሪ መሆን ከእኛ ይራቅ።

4. ማመልከቻውን ማቅረብ

ሥራ መሥራት እንዳቃተውና ሕመሙም ዓመት እንደሚቈይ የታወቀ ሰው ዓመቱ እስኪሞላ መጠበቅ የለበትም። ወዲያውኑ በስልክ 1-800-772-1213 በመደወል ወይም በአካባቢው ወዳለው ቢሮ በመሄድ ማመልከት ይችላል። ኤስ ኤስ አይ ከማመልከቻው በፊት ላለው ጊዜ ፈጽሞ ስለማይከፈል መዘግየት ጉዳት ነው። ለኤስ ኤስ ዲ አይ ደግሞ ጉዳቱ ከጀመረ በኋላ አምስት ሙሉ ወራት የመጠበቂያ ጊዜ አለ። የመጀመሪያው ውሳኔም አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ወር ይወስዳል።

ከማመልከት በፊት በአንድ ደብተር ላይ የሚከተሉትን ጽፎ መያዝ ይጠቅማል፦

ሀ) የሐኪሞቹንና የሆስፒታሎቹን ስም፣ አድራሻና የታከመበትን ቀን፤
ለ) የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ስም፤
ሐ) ባለፉት 5 ዓመታት የሠራቸውን ሥራዎችና በየሥራው ምን ያህል ያነሣ፣ ይቆምና ይሄድ እንደ ነበር፤
መ) ሥራ ያቆመበትን ትክክለኛ ቀን።

እዚህ ላይ የእኛ ሕዝብ የሚሰናከልባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ቀን ነው። «በመስከረም ታመምሁ» ያለው ሰው የዘመኑን ቊጥር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተናግሮ ከሆነ በወረቀቱ ላይ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይሳሳታል። ሁለተኛው ስም ነው። የአባት ስም በአንዱ ወረቀት የቤተ ሰብ ስም፣ በሌላው መካከለኛ ስም ሆኖ ይገኛል፤ የፊደሉም አጻጻፍ ይለያያል። በሆስፒታሉ፣ በኢሚግሬሽኑና በሶሻል ሴኩሪቲው ወረቀት ላይ ያለውን ስም ጎን ለጎን አስቀምጦ ማመሳከርና ልዩነቱን አስቀድሞ መናገር ብዙ መጉላላትን ያስቀራል።

መሥሪያ ቤቱ በራሱ ወጪ ወደ ሌላ ሐኪም ከላከው በቀጠሮው መገኘት ግዴታ ነው። ያለ በቂ ምክንያት መቅረት ማመልከቻውን ያስጥላል። መኪና ያላችሁ ሰዎች አገልግሎታችሁ የሚያስፈልገው ይህን ጊዜ ነው።

5. አይሆንም የሚል ደብዳቤ ሲመጣ

ብዙ ማመልከቻዎች በመጀመሪያው ጊዜ አይፈቀዱም። ይህ የነገሩ መጨረሻ አይደለም። የይግባኙ ደረጃ አራት ነው፤ ዳግመኛ ምርመራ፣ በዳኛ ፊት መሰማት፣ የይግባኝ ጉባኤ፣ በመጨረሻም የፌዴራል ፍርድ ቤት። በየደረጃው ደብዳቤው ከደረሰበት ቀን አንሥቶ ያለው ጊዜ 60 ቀን ነው። መሥሪያ ቤቱም ደብዳቤው ከተጻፈ በ5ኛው ቀን እንደ ደረሰ ይቈጥረዋል።

የዚያች እናታችን ደብዳቤ የተገኘው በፍሪጇ ላይ፣ ከመብራትና ከስልክ ደረሰኞች ጋር ነው። በእንግሊዝኛ ስለ ተጻፈ የሂሳብ መጠየቂያ መስሏት ሳትከፍተው አስቀምጣዋለች። እኛ ስንከፍተው 51ኛው ቀን ነበር። ከዘጠኝ ቀን በላይ ቢዘገይ ኖሮ በቂ ምክንያት ካላቀረበች በቀር እንደ ገና ከመጀመሪያው ማመልከትና ያለፈውን ወራት ማጣት ነበረባት። ይግባኙን አስገባች፤ ወደ ሐኪሟም ተመልሳ በአስተርጓሚ ሁሉን ነገረችው። ሁለተኛውም መልስ አይሆንም ነበር። ወደ ሁለተኛው የይግባኝ ደረጃ ቀርባ ግን ዳኛው ራሱ ጠየቃት፤ እርሷም ስለ ጀበናው ነገረችው። ተፈቀደላት። ሁሉም ነገር ሁለት ዓመት ያህል ወስዷል።

በይግባኝ ላይ ጠበቃ ማቆም ይጠቅማል። ደንበኛው የሚከፍለው ብዙውን ጊዜ ሲፈቀድለት ብቻ ሲሆን፣ ይኸውም ከውዝፉ ክፍያ ከመቶ 25 እጁን ወይም መሥሪያ ቤቱ የወሰነውን ጣሪያ፣ ከሁለቱ ያነሰውን ነው። ይህ ጣሪያ በ2025 9,200 ዶላር ነበር። ክፍያውንም መሥሪያ ቤቱ ማጽደቅ አለበት። በብዙ ከተሞች በነጻ የሚረዱ የሕግ ቢሮዎችም አሉ። «አስፈቅድልሃለሁ» ብሎ አስቀድሞ ጥሬ ገንዘብ የሚቀበለውን ሰው ግን ሽሹት።

6. ከተፈቀደም በኋላ

ኤስ ኤስ አይ የሚቀበል ሰው ገቢውና ንብረቱ ሲለወጥ ማሳወቅ አለበት። የዕቁብ ገንዘብ ደርሶት በባንክ ያለው ከ2,000 ዶላር ቢያልፍ አበሉ ሊቋረጥ ይችላል፤ በስሕተት የተከፈለውም ተመልሶ ይጠየቃል። እኛ በእጁ የምንሰጠው ጥሬ ገንዘብም እንደ ገቢ ስለሚቈጠር፣ ከመስጠታችን በፊት ደንቡን እንጠይቅ። ለለቅሶም ሆነ ለዘመድ ጥየቃ ወደ አገር ቤት ሄዶ 30 ቀን በተከታታይ ወይም አንድ ሙሉ የወር ጊዜ የቈየ ሰው ኤስ ኤስ አይ ይቋረጥበታል። ኤስ ኤስ ዲ አይ ለሚቀበል ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሜዲኬር ሕክምና የሚጀምረው አበል ማግኘት ከተገባው ከ24 ወር በኋላ መሆኑን ማወቅ ይገባል።

7. የእኛ ድርሻ

አራቱ ሰዎች ሽባውን ከነአልጋው ተሸክመው ጣራ ነድለው እንዳወረዱት ሁላችንም እናውቃለን። እንዲፈውሱት የጠየቃቸው አልነበረም፤ የእነርሱ ሥራ ሊሰማው ወደሚችለው ዘንድ ማድረስ ነበር። እኛም ልንወስን አንችልም። ነገር ግን ደብዳቤ መክፈት፣ ቀን መቍጠር፣ ወደ ቀጠሮ ማድረስና አጠገቡ ቁጭ ብለን «ጀበናውን ማን ያነሣዋል?» ብለን መጠየቅ እንችላለን።

ታክሲ ነጂው ወንድማችን ዛሬ የቤት ኪራዩን ራሱ ይከፍላል። ስለ ጠፋበት ሁለት ዓመት ተኩል ይቅርታ ስንጠይቀው «እናንተ ባትኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር?» አለን። ይህ ቸርነቱ ነው። እኛ ግን አሁን አንድ ሰው ታመመ ሲባል ከምግቡ ጋር ደብተርና እርሳስ ይዘን እንሄዳለን።

ለጥናት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችሁ ሥራ ካቆመ ከስድስት ወር በላይ የሆነው ሕመምተኛ አለን? ስለ አበል ጠይቆት የሚያውቅ ሰው አለን?
2. «ደኅና ነኝ» በምትሉበት ጊዜ ስንት ጊዜ እውነት ነው? ይህ ልማድ ሐኪም ዘንድ ምን ጉዳት ያመጣል?
3. ከመካከላችሁ እንግሊዝኛ ደብዳቤዎችን በየሳምንቱ ሊያነብላቸው የሚችል ማን ነው? ለየትኞቹ አረጋውያን?